ሳርትር፣ ካሙ እና ስም የሌለው ሟች፦ የአንድ ክር ውሎ

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ለሆነው ሁሉ ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። ሐሙስ ማታ መብራት ሄዶ፣ ስልኬ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ለጠፍኩትና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ 11 መልስ ተደርድሮ አገኘሁ። እሑድ ማታ የቡድኑ አድሚን ክሩን፣ ማለትም ጥያቄዬንና ከሥሩ የተደረደሩትን መልሶች፣ ሲዘጋው 24 ደርሶ ነበር። ያመለጣችሁ ሰዎች ስለጠየቃችሁኝ በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዱ ተሰርዟል፤ አንዳንዱም ቢሰረዝ ይሻል ነበር።

መነሻዬ ይህ ነው። በ1952 ፓሪስ ውስጥ ሁለት ወዳጆች በአደባባይ ተጣሉ። አንዱ ዣን ፖል ሳርትር ነው፤ ፈላስፋ፣ ደራሲ፣ «ለ ታን ሞደርን» የተባለው መጽሔት መሥራች። ሌላው አልበር ካሙ ነው፤ ደራሲ፣ በጀርመን ወረራ ጊዜ በኅቡዕ ይታተም የነበረው የ«ኮምባ» ጋዜጣ አዘጋጅ። ያጣላቸው መጽሐፍ ነው። ካሙ በኦክቶበር 1951 «አመፀኛው ሰው» የሚል ሐተታ አወጣ። ሰው በደልን እምቢ ማለቱ ልክ ነው፤ እምቢታው ግን በታሪክ ስም የሚምል አብዮት ሲሆን ግድያን ሕጋዊ ያደርጋል ይላል። ሳርትር በመጽሔቱ ይህን መጽሐፍ የሚገመግም ሰው ሲፈልግ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ የመጽሔቱ ጸሐፊ ፍራንሲስ ዣንሶን ገባበት። በሜይ 1952 አብጠልጥሎ ጻፈ። ካሙ መለሰ፣ ሳርትር መለሰ፣ ወዳጅነቱም እዚያው አበቃ።

ጥያቄዬ አጭር ነበር። ፈላስፋ ደራሲን በፖለቲካ ወገኑ የመዳኘት ሥልጣን ከየት አመጣ? ከሥሩም፣ የዚያ መጽሔት ሰዎች የሶቪየትን የእስረኞች ካምፕ አይተው ዝም ብለዋል ብዬ ጨመርኩ። ይህቺ ኋላ ዋጋ አስከፈለችኝ።

መልስ 1 አመሰገነኝ። ጥሩ ርዕስ ነው፣ እከታተላለሁ ብሎ ሄደ። አልተመለሰም።

መልስ 2 ፒዲኤፍ አለ ወይ አለ። የምን ፒዲኤፍ እንደሆነ አልተናገረም።

መልስ 3 ዘመን አራሚ ነው። በየክሩ አንድ አይጠፋም። 1952 ስትል በማን አቆጣጠር ነው ብሎ ያዘኝ። እ.ኤ.አ. ብዬ ስላልጻፍኩ ግራ ገብቶት ኖሮ፣ በ1952 ካሙ እንዴት ደብዳቤ ይጽፋል፣ በዚያ ዓመት ሞቶ የለም ወይ አለ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ሳሰላው ግን እውነት አለው። ካሙ የሞተው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 4 ቀን 1960፣ በመኪና አደጋ ነው። በእኛ ታኅሣሥ 25 ቀን 1952 መሆኑ ነው። ጠቡም ሞቱም በ1952፤ አንዱ በእነሱ፣ አንዱ በእኛ። ይቅርታ ጠይቄ አስተካከልኩ። ከዚህ በታችም የውጭውን ታሪክ በእነሱ፣ የአገር ቤቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መልስ 4 ስለ ደብዳቤው አጻጻፍ ነው። በክሩ ውስጥ ያሳቀኝ እሱ ብቻ ነው። ካሙ ሲመልስ የዣንሶንን ስም አልጠራም። ለሳርትርም ወዳጄ አላለውም፤ ክቡር ዳይሬክተር ብሎ ነው የጀመረው። ጸሐፊው ይህን አማርኛ ተናጋሪ ለማንም ሳያስረዱት ይገባዋል አለ። አብሮህ ሲያመሽ የኖረ ጓደኛህ አንድ ቀን ጉዳዩ ብሎ፣ ከሥሩ አስምሮ፣ ለቀበሌ እንደሚገባ ማመልከቻ ቢጽፍልህ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ባታነበውም ነገሩ ማለቁን ታውቃለህ።

መልስ 5 የሳርትርን ምላሽ ጨመረ። ሳርትር ውድ ካሙ ብሎ ጀመረ፤ ወዳጅነታችን ቀላል አልነበረም፣ ይናፍቀኛል ግን አለ። ወዲያው ቢላዋውን መዘዘ። ፍልስፍናውን ከምንጩ ሳይሆን ከሁለተኛ እጅ ነው የለቀምከው አለው። የራሴን ዋና ሥራ እንድታነብ አልመክርህም፣ ጥልቅ ሐሳብ ስለሚከብድህ የሚል አሽሙር ሰነዘረበት። ድሃ ነበርክ ይሆናል፣ አሁን ግን እንደኔው ቡርዣ ነህም ብሎታል። የመልስ 5 ጸሐፊ ይህን ሁሉ በአድናቆት ነው የጻፈው። እንዲህ ነው መሳደብ አለ።

መልስ 6 ዱባይ ከምትሠራ እህት ነው። በሰው ቤት እንደምትሠራ፣ ማታ ማታ እንደምታነብ በፊትም ጽፋለች። የካሙ እናት አልጀርስ ውስጥ ሰው ቤት እያጸዳች ነው ያሳደገችው አለች። አባቱ በ1914 በማርን ጦርነት ቆስሎ ሲሞት ልጁ አንድ ዓመት አልሞላውም። እናትየዋ ማንበብ አትችልም፤ ጆሮዋም ብዙ አይሰማም። ሳርትር ያደገው በአያቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እሷ የካሙን መጻሕፍት ገና አላነበበችም። ድሃ ነበርክ የሚለውን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ አለች፤ ከማን እንደሰማችው አልጻፈችም። ይህ መልስ ብዙ ላይክ አገኘ። የኔም አለበት።

መልስ 7 ላይ አየሩ ተለወጠ። ጸሐፊው ድህነት የክርክር ማስረጃ አይደለም አለ። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። የመጽሔቱ ሰዎች ካምፑን አይተው ዝም አሉ ማለቴ ሐሰት ነው። በጃንዋሪ 1950 የመጽሔቱ ባልደረባ ፈላስፋው ሜርሎ ፖንቲና ሳርትር በርዕሰ አንቀጽ ጽፈውበታል። ያላነበቡትን መጽሔት የሚከሱ ሰዎች ከሳርትር በምን ይሻላሉ ብሎ ዘጋው። ነገሩ ልክ ስለሆነ ተዋጠልኝ፤ አነጋገሩ ግን እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

መልስ 8 ለእኔ የወገነ መሰለ እንጂ የወገነው ለራሱ ቁጣ ነው። እሺ፣ በ1950 ጻፉ፤ በ1954 ሳርትር ከሞስኮ ተመልሶ እዚያ የመተቸት ነፃነት ሙሉ ነው ማለቱንስ ምን እናድርገው አለ። ሶቪየትን የተወው ታንኮች ቡዳፔስት ሲገቡ፣ በ1956 ነው። አንድን ደራሲ ታሪክ አልገባህም ብሎ የሰደበ ሰው ታሪክ ሲገባው አራት ዓመት ፈጀበት አለ። ይህቺን ወደድኳት።

ከ9 እስከ 11 ያለው ስለ እግር ኳስ ነው። ካሙ በልጅነቱ ለአልጀርስ ዩኒቨርሲቲ ክለብ የታዳጊ ቡድን በረኛ ነበር። በ17 ዓመቱ የሳንባ ነቀርሳ ሲይዘው ነው ያቆመው። ስለ ግብረ ገብ በእርግጠኝነት የማውቀውን የተማርኩት ከኳስ ነው የሚል ነገርም ጽፏል። መልስ 9 ይህን ሲያነሳ ሁለቱ በረኛ ብቸኛ ሰው ነው አይደለም ብለው ተያያዙ። አንዱ ሰፈር ውስጥ በረኛ የሚሆነው ኳስ የማይችል ልጅ ነው አለ። ሌላው ኳሱ የማን እንደሆነ ይወስነዋል አለ። እውነቱን ለመናገር ይህን ከሳርትር የበለጠ ተደስቼ አነበብኩት።

መልስ 12 ክሩን አዳነው። ጸሐፊው በልጅነቱ ጎጃም ቅኔ ቤት ገብቶ ነበር፤ አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነው። በስድቡ አልተገረመም። የገረመው ከጠቡ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ሳርትር ሥነ ጽሑፍ ምንድን ነው ብሎ የጻፈው ሐተታ ነው። ሳርትር እዚያ ላይ ዝርው ጸሐፊንና ገጣሚን ይለያል። ዝርው ጸሐፊ ቃልን እንደ መሣሪያ ይይዛል፤ ስለዚህ ወዴት እንደተኮሰ ይጠየቃል። ለገጣሚ ግን ቃል ራሱ ዕቃ ነው፣ ለሠዓሊ ቀለም እንደሚሆነው። ስለዚህ ገጣሚ ወገን ያዝ አይባልም።

የቅኔ ቤቱ ሰው ይህ እኛ አገር ተገልብጦ ነው የሚገኘው አለ። በዝርው የሚጻፈው ዜና መዋዕል ነው፤ ለንጉሡ ነው። በንጉሡ ላይ የሚባል ነገር ካለ በግጥም ነው የሚባለው። ባለቅኔው በሰሙ ያመሰግናል፣ በወርቁ ይወጋል። አዝማሪው በማሲንቆ ሹሙን እያወደሰ ያዋርደዋል። ሹሙ ከተቆጣ ሰሙን ማሳየት ነው። እዚህ ቃል መሣሪያ የሚሆነው ዕቃ ስለሆነ ነው፤ ሁለት ትርጉም የሚይዘው ቃሉ ራሱ ነውና። ሳርትር አንድ ጉባኤ ቃና ቢሰማ ኖሮ ያንን ምዕራፍ እንደገና ይጽፈው ነበር አለ። ሁለት ስንኝ ትበቃዋለች ማለቱ ነው።

ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት።

መልስ 13 በጨዋነት አረመው። ሳርትር ራሱ በዓመቱ፣ በ1948፣ ይህን አጥር ዘሏል። ሴኔጋላዊው ገጣሚ ሴንጎር ላሰባሰበው የጥቁር ገጣሚያን መድበል መቅድም ሲጽፍ፣ የዘመናችን ብቸኛው ታላቅ አብዮታዊ ግጥም ይህ ነው ብሏል። ስለዚህ ግጥም ወገን አይዝም ያለው ሰው በዓመቱ ወገን የያዘ ግጥም አግኝቶ ተደንቋል። የቅኔ ቤቱ ሰው አመሰገነ። የሚገርመው እዚህ ድረስ በሥርዓት ነበር።

መልስ 14 ከአንድ ጋሼ ነው። የስልክ ፊደል ስለሚያስቸግራቸው አጠር አድርገው ይጽፋሉ። በ1950ዎቹ ታላቅ ወንድማቸው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪ ነበር። በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ግጥም ያነቡ ነበር። ወንድማቸው ከበዓሉ ማግስት ግጥሙን በቃሉ ይዞ መጥቶ ለእናታቸው ሲያነበንብላቸው ያስታውሳሉ። እናትየው በሩን ዝጋው አሉት። ጋሼ የጻፉት ይህንኑ ነው፤ ሌላ አልጨመሩም።

መልስ 15 የበዓሉ ግርማን ስም አነሳ። መነሳቱ አይቀርም ነበር። ያነሳበት መንገድ ግን የተለመደው አልነበረም። በዓሉ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። ወደ አስመራ የሄደው ለቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። በሳርትር ሚዛን ብናስቀምጠው ወገኑን የያዘ፣ ከአብዮቱ ጋር የተሰለፈ ጸሐፊ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። እንግዲህ ይላል ጸሐፊው፣ ይህ ደራሲ ከማን ወገን ነው የሚለው ጥያቄ ምን ያዘልን? ሰውየው በአንድ ወገን ተቀምጦ መጽሐፉ ሌላ ነገር ተናገረ።

መልስ 16 ተቆጣ። ስለ ፓሪስ ስናወራ ለምን ሁሉን ነገር ወደ አገር ቤት እንጎትታለን አለ። መልስ 17 እንግዲያው በፈረንሳይኛ ጻፍ አለው። አድሚኑ ቢጫ ካርድ አሳየ። በረኞቹ ለዚህም ቀልድ አላጡም።

መልስ 18 ላይ ነው ነገሩ ጠልቆ የገባው። ጸሐፊዋ መምህርት ናት። ከጓደኞቿ ጋር በወር አንድ ጊዜ እየተገናኙ ያነባሉ። አንድ ወር የካሙን የ1942 ልብ ወለድ፣ «ባይተዋሩ ሰው»ን ያዙ። ሰውየው እናቱ ሞታ አያለቅስም። አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጦ ቡና በወተት ይጠጣል። በማግስቱ ከሴት ጋር ሲዋኝ ይውላል። ከዚያ ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ አረብ ተኩሶ ይገድላል። ፍርድ ቤት ሲቆም ዐቃቤ ሕጉ ከግድያው ይልቅ ያላለቀሰውን ለቅሶ ነው የሚያነሳው።

እነሱም ያንን አደረጉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ለቅሶው ተከራከሩ። ለእናቱ ያላለቀሰ፣ ድንኳን ያልተቀመጠ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው ተባለ። አንዷማ ሙት ዓመቷንም አያወጣላትም ብላ አለቀሰች። ሊበተኑ ሲሉ ነው አንድ ዝምተኛ ልጅ ሟቹ ስሙ ማን ነበር ብሎ የጠየቀው። ገለጡ፣ ፈለጉ። ስም የለውም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አረቡ ነው። በችሎቱም ላይ አንድ አረብ ምስክር አይቆምም። እኛም ችሎቱ ውስጥ ተቀምጠን ኖሯል አለች መምህርቷ።

ፍልስጤማዊው ሐያሲ ኤድዋርድ ሰይድ በ1993 ይህንን ነው ካሙ ላይ ያነሳው። አልጄሪያዊው ካሜል ዳውድ በ2013 ለዚያ ሟች ስምና ወንድም ሰጥቶ ሌላ ልብ ወለድ ጻፈ። ዣንሶንና ሳርትር ግን በ1952 ስለ ታሪክ ያን ሁሉ ሲጽፉ ይህን አላነሱም። እኔ የምለው ይህን ነው። ከሐተታው ጋር ተናነቁ። ፖለቲካው የተቀመጠው ልብ ወለዱ ውስጥ፣ ስም መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ነበር።

መልስ 19 አልተቀበላትም። በዛሬ ዓይን የትናንቱን ሰው መስቀል ቀላል ነው አለ። ካሙ በ1939 ስለ አልጄሪያዋ ካቢሊ ረሃብ ተከታታይ ዘገባ ጽፏል፤ ያኔ የፓሪስ ፈላስፎች ካቢሊ የት እንዳለ አያውቁም። በጃንዋሪ 1956 አልጀርስ ሄዶ ቢያንስ ሰላማዊ ሰው አይገደል ብሎ ሲለምን፣ ውጭ የተሰበሰቡት ፈረንሳውያን ሞት ለካሙ እያሉ ይጮኹ ነበር።

መልስ 20 መለሰለት፤ ቃናው እንደ ምላጭ ነው። ዘገባ መጻፍና ነፃነትን መደገፍ ይለያያሉ። ዣንሶን ለአልጄሪያ ታጋዮች ገንዘብ የሚያሸጋግር መረብ አቋቁሞ በ1960 በሌለበት ተፈርዶበታል። የሳርትር መኖሪያ ሁለት ጊዜ በቦምብ ተመትቷል። የእናንተ ካሙ ደግሞ ስቶክሆልም ላይ የኖቤል ሽልማቱን ይዞ ከፍትሕ እናቴን እመርጣለሁ አለ።

ይህቺን አባባል በስንት ልጥፍ ላይ አይቻታለሁ። መልስ 21 አረማት። በዲሴምበር 1957 አንድ ወጣት አልጄሪያዊ ሲሞግተው ካሙ የተናገረውን ለሞንድ ጋዜጣ አሳጥሮ ጻፈው። እዚያ የነበረው አስተርጓሚው ኋላ እንደገለጸው ነገሩ ሌላ ነው። አልጀርስ ውስጥ ትራም ላይ ቦምብ ይጣላል፣ እናቴ አንዱ ትራም ላይ ልትሆን ትችላለች፣ ፍትሕ ማለት ይህ ከሆነ እናቴን እመርጣለሁ ነው ያለው። ከሆነ የምትለዋ ቃል ስትወድቅ ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል።

መልስ 22 የቅኔ ቤቱ ሰው ነው፤ ተመለሰ። ባለቅኔ ወርቁን ሲቀብር የት እንደቀበረው ያውቃል አለ። ካሙ ግን የሟቹን ስም የቀበረው ሳያውቀው ነው። ለብዙ ዓመት አንባቢው በሰሙ ላይ፣ በለቅሶው ላይ ሲመራመር፣ ወርቁ ከደራሲው ራሱ ተሰውሮ ቆየ። እንዲህ ያለውን ቅኔ የኔታ ምን ብለው እንደሚጠሩት አላውቅም አለ። መልስ 19 ደራሲው ያላወቀው ወርቅ ወርቅ አይደለም፣ የአንባቢ ፈጠራ ነው ብሎ ሞገተው። በተራ ቁጥር 23 የገባው ስድብ ነው። የሰው እናት ተነክቷል። አድሚኑ ሰርዞት ቁጥሩ ብቻ ባዶውን ቀርቷል።

መልስ 24 የዱባይዋ እህት ናት። ሐሙስ ካሙን አላነበብኩም ያለችው «ባይተዋሩ ሰው»ን እሑድ ጨርሳዋለች። እዚያ ውስጥ እናትየዋም ስም የላትም አለች። ሁለት ጊዜ ፈልጋ አጥታለች። ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም አለች። እሷም እናቷን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ እማዬ ነው የምትላት። እማዬ የሚባል ሰው ስም አያስፈልገውም። አረቡ የተባለው ስም ስላልተሰጠው ነው። ካሙ ሲሞት ቦርሳው ውስጥ 144 ገጽ ረቂቅ ተገኝቷል፤ በ1994 ታተመ። እዚያ ውስጥ እናትየዋ ስም አላት። መታሰቢያነቱም ይህን መጽሐፍ መቼም ማንበብ ለማትችለው ለአንቺ ይላል። የሷም እናት ማንበብ አትችልም። ለሟቹ ግን እዚያም ስም አልጠበቀችም ብላ ጻፈች።

ልመልስላት ስጽፍ ክሩ ተዘግቷል የሚል መጣ። የጻፍኩት ስልኬ ውስጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ በውስጥ መስመር መልእክት ገባልኝ፤ እሷ መስላኝ ነበር። መልስ 2 ነው። ፒዲኤፉን አገኘኸው ወይ ይላል።